የተማሪ ውጤት በኒውራል ኔትወርክ ሲተነበይ

ኒውራል ኔትወርክ የኮምፒዩተር ስሌት ነው። የተማሪውን መቅረት፣ የቤት ሥራና የፈተና ማርክ ይቀበላል፤ ለእያንዳንዱ ክብደት ሰጥቶ የዓመቱን ውጤት ይገምታል። ግምቱ ከእውነተኛው ውጤት ሲራራቅ ክብደቶቹን ያስተካክላል፤ እንዲህ እየደጋገመ ይማራል።

ታዲያ «97 በመቶ ልክ ነው» ቢባል እንመነው? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉንም «ይወድቃል» የሚል ማሽን ወደ 97 በመቶ ልክ ይሆናል፤ የረዳው ተማሪ ግን የለም።

በ2014 ዓ.ም. በዋግ ኽምራ በጦርነቱ ትምህርት በተቋረጠበት ጊዜ ማርክ አልተመዘገበም። ማሽኑ ይህን ክፍተት እንደ ስንፍና ሊቆጥረው ይችላል፤ ምክንያቱን የሚያውቀው መምህሩ ነው።

ትንበያው ቀድሞ ለማስጠናት እንጂ ተማሪን ለመፈረጅ አይዋል!