የብቅል ጣፋጭነት፣ የጭስ ጣዕምና የነጥብ ትርጉም፦ የስኮትላንድ ጠንካራ ኤል ቢራ የቅምሻ ምዘና

አኅጽሮት

«ዊ ሄቪ» በሚል ስም የሚታወቀው የስኮትላንድ ጠንካራ ኤል የብቅል ጣዕሙ የጎላ፣ የአልኮል መጠኑም ከፍ ያለ የቢራ ዓይነት ነው። ይህ ጽሑፍ በቢራው የቅምሻ ምዘና ላይ ሁለት ችግሮችን ይመረምራል። አንደኛው የብቅል መዓዛ ከእውነተኛ ጣፋጭነት ጋር መምታታቱ ነው፤ ሁለተኛው ለጭስ ጣዕም የሚሰጠው ግምት ከአንዱ የመመዘኛ እትም ወደ ሌላው መለወጡ ነው። ከ50 የሚሰጥ ነጠላ ነጥብ የመመዘኛው እትምና የቀማሾቹ ገለጻ አብረውት ካልቀረቡ ለንጽጽር የሚበቃ መረጃ ሊሆን እንደማይችል ጽሑፉ ያሳያል።

መግቢያ

ቢራ የሚቀምስ ሰው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይችላሉ፦ ቢራው ምን ዓይነት ጠባይ አለው? ለዓይነቱ ከተሰጠው መግለጫ ጋር ምን ያህል ይስማማል? ቀማሹስ ይወደዋል? የመጀመሪያው ገለጻን፣ ሁለተኛው ዳኝነትን፣ ሦስተኛው ምርጫን ይጠይቃል። ሦስቱ በአንድ ቁጥር ሲጠቀለሉ ቁጥሩ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ መለየት ያዳግታል። የስኮትላንድ ጠንካራ ኤል ይህን ችግር በግልጽ የሚያሳይ ናሙና ነው።

የቢራው አመጣጥና ጠባይ

በስኮትላንዳውያን አነጋገር «ዊ» ትንሽ፣ «ሄቪ» ደግሞ ከባድ ወይም ጠንካራ ማለት ነው። ስያሜው የፕሬስተንፓንሱ የፋውለር ጠመቃ ቤት በትንንሽ ጠርሙሶች ይሸጠው ከነበረው ጠንካራ ኤል ጋር የተያያዘ ነው። የቢራው የዘር ሐረግ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተጠመቁት የኤዲንብራ ጠንካራ ኤሎች ይመዘዛል። ዛሬ በምሳሌነት ከሚጠቀሱት አንዱ የትራኳየር ሃውስ ኤል ነው። የትራኳየር ጠመቃ ቤት እ.ኤ.አ. በ1965 እንደገና ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ቢራውን በባሉጥ እንጨት ገንዳዎች ያብላላል፤ የአልኮል መጠኑም 7.2 በመቶ ነው።

በውድድሮች በስፋት የሚሠራበት የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራም (ቢ.ጄ.ሲ.ፒ.) መመዘኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 እትሙ፣ ለዚህ ዓይነት የሚከተሉትን ወሰኖች ያስቀምጣል፦ የመነሻ እፍግታ ከ1.070 እስከ 1.130፣ የመጨረሻ እፍግታ ከ1.018 እስከ 1.040፣ የመራራነት መለኪያ ከ17 እስከ 35፣ አልኮል ከ6.5 እስከ 10 በመቶ። ለማሳያ ያህል፣ የብቅሉ ጭማቂ ከመብላላቱ በፊት እፍግታው 1.080 ቢሆንና ከተብላላ በኋላ ወደ 1.020 ቢወርድ፣ የሚገመተው የአልኮል መጠን 7.9 በመቶ ገደማ ይሆናል። መራራነት የሚሰጠው ሆፕስ መጠነኛ በመሆኑ የብቅሉ ጣዕም ጎልቶ ይወጣል። በአገራችን በቢራ ጠርሙስ ላይ ሆፕስ «ጌሾ» ተብሎ ቢጻፍም፣ ሁለቱ የተለያዩ ተክሎች መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ጣፋጭነት ወይስ የብቅል መዓዛ?

ይህን ቢራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ «ጣፋጭ ነው» ይላሉ። ቃሉ ግን ቢያንስ አራት ነገሮችን በአንድነት ይሸፍናል። የመጀመሪያው ያልተብላላ ቀሪ ስኳር ነው። ሁለተኛው ዴክስትሪን የተባለው የስታርች ስባሪ ሲሆን፣ ብዙም ሳይጣፍጥ ቢራውን በአፍ ውስጥ ወፍራም ያደርገዋል። ሦስተኛው የአልኮሉ ሙቀትና መጠነኛ ጣፋጭነት ነው። አራተኛውና ዋነኛው መዓዛ ነው። ብቅል በሙቀት ሲደርቅና ሲቆላ፣ ጭማቂውም ሲፈላ፣ አሚኖ አሲዶችና ስኳሮች ሜያር በተባለው ኬሚካዊ ሂደት ይዋሐዳሉ። ከዚህም የዳቦ ቅርፊትን፣ የተቃጠለ ስኳርንና የደረቀ ፍሬን የሚያስታውሱ ውሑዶች ይገኛሉ። አእምሮ እነዚህን መዓዛዎች ከጣፋጭ ምግብ ጋር አያይዞ የለመደ በመሆኑ፣ ስኳሩ ጥቂት በሆነበትም ጊዜ ጣፋጭነትን ይተረጉማል።

ልዩነቱን ለማሳየት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀማሹ አፍንጫውን በጣቶቹ ይዞ አንድ ጊዜ ይጎነጫል፤ ከዚያም አፍንጫውን ለቆ ይተነፍሳል። አፍንጫው እንደተያዘ የሚቀሩት በምላስ የሚታወቁት ጣፋጭነት፣ መራራነትና ኮምጣጣነት፣ እንዲሁም የጋዙ መንዘርና የአልኮሉ ሙቀት ናቸው። የተቃጠለ ስኳርና የዘቢብ ጣዕም የሚመጣው አፍንጫው ሲለቀቅ ነው። ስለዚህ በቅምሻ ቅጽ ላይ «ጣፋጭነት» እና «የብቅል መዓዛ» በተለያዩ መስመሮች መሞላት ይገባቸዋል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላው ነገር ዳያሴቲል ነው። በመብላላት ወቅት የሚፈጠረው ይህ ውሑድ ቅቤ ቅቤ የሚል መዓዛ ስላለው፣ ያልሠለጠነ ቀማሽ ከተቃጠለ ስኳር መዓዛ ጋር ሊያምታታው ይችላል። ለዚህም ቀማሾች ከምዘናው በፊት ማነጻጸሪያ ናሙናዎችን ማሽተት ይኖርባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የቀረበው የሞርተን ማይልጋርድ የቢራ ጣዕም ክብ የጋራ መዝገበ ቃላት ቢሰጥም፣ ቃል ትርጉም የሚኖረው ቀማሹ በሚያውቀው ነገር ላይ ሲመሠረት ነው። በአማርኛ ለሚሠራ የቀማሾች ቡድን ቶፊ ከተባለው ከረሜላ ይልቅ የገብስ ቆሎ፣ አሻሮ፣ ቴምርና ዘቢብ የተሻሉ ማነጻጸሪያዎች ይሆናሉ።

የጭስ ጣዕምና የሚለወጥ መመዘኛ

ስኮትላንድ በአተር ጭስ ሳይሆን፣ «ፒት» በተባለው ከረግረግ በሚቆፈር ማገዶ ጭስ በደረቀ ብቅል ከሚሠሩ ውስኪዎቿ ጋር ስሟ ይነሣል። ከዚህ በመነሣት ቢራዋም ጭስ ጭስ ማለት አለበት የሚል እምነት በስፋት ተሠራጭቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የቢ.ጄ.ሲ.ፒ. እትም የጭስ ጣዕም በሁለተኛ ደረጃ ሊገኝ እንደሚችልና ለቢራው ውስብስብነት እንደሚጨምር ይገልጽ ነበር። የ2015 እትም ግን በፒት ጭስ የደረቀ ብቅል ለስኮትላንድ ኤል ባህላዊ አለመሆኑን በማሳወቅ፣ ጭስ ያለበትን ቢራ ወደ ጭስ ቢራዎች ምድብ አዛወረ።

የዚህ ለውጥ ውጤት ቀላል አይደለም። መጠነኛ የጭስ መዓዛ ያለው አንድ ቢራ በ2008 መመዘኛ ሊመሰገንበት በሚችለው ጠባዩ፣ በ2015 መመዘኛ ነጥብ ይቀነስበታል። ቢራው አልተለወጠም፤ የቀማሹም አፍንጫ ያው ነው፤ የተለወጠው መግለጫው ነው። ስለሆነም የሁለት የተለያዩ ዓመታት ነጥቦችን እትማቸውን ሳይጠቅሱ ማወዳደር የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ያደርሳል።

የቅምሻው ሥርዓት

ናሙናዎች በባለ ሦስት አኃዝ የዘፈቀደ ቁጥር ተሰይመው፣ ለእያንዳንዱ ቀማሽ በተለያየ ቅደም ተከተል መቅረብ አለባቸው። በጣም የቀዘቀዘ ቢራ መዓዛውን ስለሚደብቅ፣ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ማቅረብ ተገቢ ነው፤ ብርጭቆው ሲሞቅም መዓዛው በድጋሚ ይመዘገባል። የአልኮሉ መጠን የናሙናዎቹን ብዛት ይወስናል። የ8 በመቶ ቢራ 6 ናሙናዎች እያንዳንዳቸው በ50 ሚሊ ሊትር ቢጠጡ፣ ቀማሹ 19 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ይወስዳል። ይህ የኋለኞቹን ናሙናዎች ዳኝነት ሊያዛባ ስለሚችል፣ ናሙናዎቹን መቀነስና በመካከል ዕረፍት መስጠት ይመረጣል።

ጥያቄው «የጨመርነው የጭስ ብቅል ይታወቃል ወይ?» የሚል ከሆነ ነጥብ መስጠት ጨርሶ አያስፈልግም፤ የሦስትዮሽ ፈተና ይበቃል። ቀማሹ ሁለት ተመሳሳይና አንድ የተለየ ናሙና ቀርቦለት የተለየውን ይመርጣል። ከ24 ቀማሾች 8ቱ በግምት ብቻ ሊያገኙት ስለሚችሉ፣ በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን ልዩነት አለ ለማለት ቢያንስ 13 ትክክለኛ መልሶች ያስፈልጋሉ።

የነጥቡ አደላደል

በቢ.ጄ.ሲ.ፒ. ቅጽ ላይ ከ50 ነጥብ ውስጥ ለመዓዛ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ ለአፍ ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምገማ 10 ተመድቧል። መዓዛና ጣዕም በአንድነት 32 ነጥብ፣ ማለትም 64 በመቶ ይይዛሉ። የጭስ ጠባይ በሁለቱም ስለሚታይ፣ በአንድ ጠባይ ላይ የተነሣ አለመግባባት በሁለት ቦታ ይቆጠራል፤ በአጠቃላይ ግምገማው ላይም ጥላውን ማጥላቱ አይቀርም። ሁለት ቢራዎች እኩል 36 ነጥብ ቢያገኙ፣ አንዱ በጭሱ፣ ሌላው በዳያሴቲል ምክንያት ነጥብ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ለጠማቂው ግን የመጀመሪያው የብቅል ምርጫ ጉዳይ ሲሆን፣ ሁለተኛው የመብላላት ሂደት ጉድለት ነው።

ማጠቃለያ

የስኮትላንድ ጠንካራ ኤል ምዘና የሚያስተምረው ነጥብ ከገለጻ ቀድሞ ሊመጣ እንደማይገባ ነው። በመጀመሪያ ጣፋጭነትና የብቅል መዓዛ ተለይተው ይገለጹ፤ ቀጥሎ ከተጠቀሰ እትም ጋር ይነጻጸሩ፤ የቀማሹ ምርጫ ካስፈለገ ለብቻው ይመዝገብ። ይህ ቅደም ተከተል ሲጠበቅ፣ መመዘኛው ነገ ቢለወጥም የዛሬው ገለጻ ዋጋውን አያጣም፤ በአዲሱ እትም እንደገና ሊዳኝ ይችላልና። ቁጥሩ ብቻ ከተመዘገበ ግን ምን ተቀምሶ እንደነበር የሚያስረዳ ነገር አይቀርም።