ከልክ ያለፈ ፍርሃትና የእኛ ድርሻ

በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው በሐኪሞች ዘንድ ፎቢያ ስለሚባለው ፍርሃት ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን፥ ፎቦስ ማለት ፍርሃት ማለት ነው።

ፍርሃት ሁሉ ሕመም አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ከማይታወቅ ውሻ መራቅ ማስተዋል ነው። ፎቢያ የሚባለው ግን ፍርሃቱ ከአደጋው ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር፥ ለወራት ሲቆይና የሰውን ኑሮ ሲያሰናክል ነው። አንዲት እኅት በጎረቤት ግቢ የታሰረ ውሻ ስላለ ብቻ በሌላ መንገድ ግማሽ ሰዓት ትዞራለች እንበል፤ ሲብስባትም ከማለዳው ቅዳሴ ትቀራለች። ውሻው እንደታሰረ እርሷም ታውቃለች። ነገር ግን ልቧ ይመታል፥ ትንፋሿ ይቆራረጣል፥ እጇ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ «ይህ ምን ያስፈራል?» ማለት የምታውቀውን መልሶ መንገር ነው። «እምነት ጎድሎሽ ነው» ማለት ደግሞ በፍርሃቱ ላይ ኀፍረት መጨመር ነው፤ ያፈረ ሰው ችግሩን ይደብቃል።

ፍርሃቱ ለምን ይጸናል? ሰው ከሚፈራው ነገር በሸሸ ቁጥር ወዲያው እፎይ ይላል፤ ይህ እፎይታ ሽሽትን ያስለምደዋል። ውሻው ምንም እንደማያደርገው የሚያይበት ዕድልም አያገኝም። እንግዲህ ሁልጊዜ አብሮ መንገድ መቀየር ፍቅር ቢመስልም ፍርሃቱን ያደልበዋል።

ፈውሱ ቀስ በቀስ መቅረብ ነው። ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ተመራማሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ጥንቸል ይፈራ ስለነበረ ፒተር ስለተባለ ሕፃን ጽፋለች። ሕፃኑ የሚወደውን ሲበላ ጥንቸሉ በሩቅ ይቀመጣል፤ ከጊዜ ወደ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይቀርባል። የማይፈሩ ልጆችም በፊቱ ከጥንቸሉ ጋር ይጫወቱ ነበር። በመጨረሻ ፒተር ራሱ ደባበሰው። ልብ በሉ፥ ማንም ጥንቸሉን ድንገት ጭኑ ላይ አልጣለበትም! በእኛ ዘንድ ግን «ይልመድ» እያሉ የሚፈራውን ነገር በሰው ላይ መወርወር እንደ ጨዋታ ይቆጠራል። ክፉ ጨዋታ ነው።

ለእኅታችንም የመጀመሪያው ቀን ከአጥር ማዶ ሆኖ ማየት ይበቃል፤ ፍርሃቱ እስኪቀልላት እዚያው ትቆይ። ቀጣዩን እርምጃ የምትወስነው እርሷ ናት። ጓደኛዋ አጠገቧ ይቁም እንጂ አይጎትታት።

ደም ወይም መርፌ ሲያይ ራሱን የሚስት ሰው ጉዳይ ለየት ይላል። የደም ግፊቱ መጀመሪያ ከፍ ይልና ድንገት ስለሚወርድ «ሰውነትህን አላላ» ማለት አይጠቅመውም። ስዊድናዊው ላርስ ጎራን ኦስት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተማረው ዘዴ ተቃራኒው ነው፤ የክንድን፥ የእግርንና የደረትን ጡንቻ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አጥብቆ መወጠር፥ ጥቂት ለቀቅ ማድረግና መድገም። ከወደቀም በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉለት።

ፍርሃቱ ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀር ከሆነ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ብቻውን መሄድ ካሳፈረው ከእኛ አንዱ አብሮት ይሂድ።