ስለ ሴቶች ቃልና ስለ ርስታቸው

በታችኛው የአዋሽ ሸለቆ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው ጐዳና ላይ የተቈረቈረችው የሰመራ ከተማ የአፋር ክልል መዲና ናት። የአዋሽ ወንዝ ከደጋው ተነሥቶ ያን ሁሉ በረሃ እያጠጣ ከሄደ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እንደሚቀር ሁሉ፣ ከደጋ ወደዚያች አገር የወረደውም ሕዝብ ብዙው ለጥቂት ዓመት ሥራ ብሎ መጥቶ በዚያው የቀረ ነው፤ ሹፌሩ፣ ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው። እኛም ለአገልግሎት በዚያ በተቀመጥንበት ዘመን ስለ ተጠየቅነው አንድ ጥያቄ ልንጽፍ ወደድን። ጥያቄውን በጊዜው በሚገባ አልመለስነውምና፣ ዛሬ በዚህ ገጽ ብንመልሰው ለእኛ ዕዳ መክፈል፣ ለአንባብያንም ትምህርት ይሆናል ብለን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዲት ምእመንት ባል ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሦስት ሴቶች ልጆች ወልደው፣ በሎጊያ ቤትና ትንሽ ሱቅ አቋቁመው ሲኖሩ እርሱ ታሞ ዐረፈ። አርባው ከወጣ በኋላ የባሏ ወንድሞች ከወሎ ወርደው፣ «ወንድማችን ወንድ ልጅ አልተወም፤ ሴት ልጅ ነገ የሰው ቤት የምታለማ ናት፤ ቤቱና ሱቁ ወደ ወገኑ ይመለስ» አሉ። እርስዋም በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ልጆቿን አስከትላ መጣችና መስቀል ተሳልማ፣ «የኔታ፣ ቤተ ክርስቲያንም የምትለው ይህንኑ ነው ወይ?» ስትል ጠየቀችን። እኛ የቤተ ዘመድ ጠብ እንዳይነሣ ፈርተን፣ ሙቀቱም አድክሞን፣ «ልጄ፣ ለጊዜው ታገሺ፤ ከዘመድ ጋራ መካሰስ መልካም አይደለም» ብለን አሰናበትናት። እናቲቱ ምንም ሳትል እጅ ነሥታ ሄደች። ታላቂቱ ልጅ ግን፣ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርታ፣ «የኔታ፣ እናቴ የጠየቀችዎት ስለ ትዕግሥት አልነበረም» አለችን።

ይህች ቃል ሌሊቱን አላስተኛችንም። ተነሥተን ኦሪት ዘኍልቍን ገለጥን፤ ምዕራፍ 27 ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንቀጽለው የኖርነው መጽሐፍ በዚያ ሌሊት አዲስ ሆነብን።

ሰለጰዓድ የሚባል ሰው ከምናሴ ነገድ ነበረ፤ ወንድ ልጅ ሳይወልድ በምድረ በዳ ሞተ። አምስት ሴቶች ልጆቹ ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ ይባላሉ። ምድሪቱ ለነገዶች ልትከፈል በተቃረበች ጊዜ እነዚህ ሴቶች ቀርበው ቆሙ። በማን ፊት ቆሙ ቢሉ፣ በሙሴ ፊት፣ በካህኑ በአልዓዛር ፊት፣ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት፣ በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ሸንጎ በእስራኤል አልነበረም። ያመለከቱትም ይህ ነው፤ አባታቸው በምድረ በዳ እንደ ሞተ፣ በቆሬ ዓመፅ እንዳልተባበረ፣ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ብቻ ስሙ ከወገኑ መካከል ሊጠፋ እንደማይገባ፣ ስለዚህም በአባታቸው ወንድሞች መካከል ርስት ይሰጣቸው ዘንድ።

የአነጋገራቸውን ጥበብ ተመልከቱ። አላለቀሱም፤ ምጽዋትም አልለመኑም። በቅድሚያ አባታቸው ከዓመፀኞች ወገን አለመሆኑን አስረዱ። ስለምን ቢሉ፣ ርስቱን የሚያስነቅል በደል የለበትም ለማለት ነው። አንድም፣ የራሳቸውን ጥቅም ከአባታቸው ስም ጋራ አስተባብረው መናገራቸው ሰሚው እንዳይንቃቸው ነው። የሕግ ዐዋቂ ጠበቃ ቢቆምላቸው ከዚህ አብልጦ አይናገርም።

ሙሴም ምን አደረገ ቢሉ፣ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ። ያ ሁሉ ሕግ በእጁ የተሰጠው ነቢይ፣ ከራሱ አንዲት ቃል ሳይጨምር «ይህን አላውቅም፤ ልጠይቅ» እንደ ማለት ነው። እኛ ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳንንቀሳቀስ ፈረድን። የእግዚአብሔርም መልስ የሴቶቹ ንግግር ቅን መሆኑን የሚመሰክር ነበር፤ ርስቱም እንዲሰጣቸው አዘዘ፤ ወንድ ልጅ ሳይተው የሚሞት ሰው ርስቱ ወደ ሴት ልጁ እንዲያልፍ ለእስራኤል ሁሉ ሥርዐት ሆነ። የባልቴቲቱ ባል ወንድሞች የያዙት ክርክር እንግዲህ በሎጊያ የተጀመረ አይደለም፤ በሞዓብ ሜዳ ተፈርዶበታል።

በእርግጥ በምዕራፍ 36 ርስቱ ከነገድ ወደ ነገድ እንዳይዛወር ከአባታቸው ነገድ እንዲያገቡ ታዝዟል፤ ይህን ደብቀን ብናልፈው የመምህርነት ሥራ አይሆንም። ነገር ግን ትእዛዙ ርስቱን ለወንዶች አልመለሰም። ደግሞ መጽሐፈ ኢያሱን በምዕራፍ 17 ብንመለከት፣ ምድሪቱ በምትከፈልበት ጊዜ እነዚያው ሴቶች ዳግመኛ በአልዓዛርና በኢያሱ ፊት ቀርበው የታዘዘላቸውን ሲያስታውሱ እናገኛቸዋለን። እግዚአብሔር የፈረደው ሁሉ ሰው እስኪፈጽመው ድረስ ሁለተኛ መጠየቅ አስፈልጓቸዋል። ይህች ነገር ለእኛ ለካህናት የተጻፈች ይመስለናል።

ከዚህ ላይ፣ «ሐዋርያው ጳውሎስ ሴቶች በማኅበር ዝም እንዲሉ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎ የለምን?» የሚል ይኖራል። ጽፏል። ግን በዚሁ መልእክት በምዕራፍ 11 ሴት ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር ራስዋን እንድትከናነብ ያዝዛል፤ የማትናገር ብትሆን ሥርዐቱ ለማን ይሠራላት ነበር? ስለዚህ የከለከለው የጉባኤን ሁከት እንጂ የሴትን ቃል እንዳይደለ ከራሱ ከሐዋርያው እናውቃለን። ፌቤንን የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ብሎ ወደ ሮም ሰዎች ያመሰገናት እርሱ ነው። ጵርስቅላ ከባልዋ ከአቂላ ጋራ ሆና አጵሎስን፣ ያን በመጻሕፍት የበረታውን ሰው፣ መንገዱን አቅንታ አስተምራዋለች። የትንሣኤውንም ብሥራት ለሐዋርያት ያደረሰች መግደላዊት ማርያም ናት። ክህነት ለወንዶች የተሰጠ አገልግሎት መሆኑ የታወቀ ነው፤ አገልግሎት ግን የክብር መበላለጫ አይደለም፤ የቄስ ቆብ የውርስ ማስረጃ ሆኖ አያውቅም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን የሄደችው ልትጠይቅ ነው። ጌታችንም በወንጌል ስለ እርስዋ ሲናገር በፍርድ ቀን ተነሥታ ያንን ትውልድ እንደምትፈርድበት አስታወቀ። ስለ ጠየቀች ፈራጅ ሆነች።

በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት የነበረችው የቡልጋዋ ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ደግሞ ከጻድቃን ማንም ያልደፈረውን ልመና ማቅረቧን ገድሏ ይነግረናል፤ ፈጣሪ ከሰይጣን ጋራ እንዲታረቅና የሰው ልጅ ከፈተና እንዲያርፍ ለመነች። ልመናው የሚፈጸም አልሆነም፤ ነገር ግን ስለ ጠየቀች አልተገሠጸችም። (በሰመራ ሳለን አንዳንድ ምእመናን የከተማይቱን ስም ከቅድስቲቱ ስም ጋራ ሲያዛምዱ እንሰማ ነበር። ዝምድና የለውም። የቅድስቲቱ በንጉሡ «ሠ» ይጻፋል፤ ትርጕሙም ክርስቶስ የወደዳት ማለት ነው። የከተማይቱ በእሳቱ «ሰ» ነው፤ የግንቦትን ሙቀት የቀመሰ ሰው «እሳቱ» መባሉ ይገባታል ሳይል አይቀርም።)

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስም ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት በተቀበለ ጊዜ ባልዋ መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ የጦር አለቃ ነበር። እርስዋ ግን የባሏን ማዕርግና ቤቷን ትታ መነነች፤ ወደ ንጉሡ ሸንጎም ቀርባ ሃይማኖቷን አልለውጥም አለች፤ ተጋዘችም። በጣና ዙሪያ የመሠረተቻቸውን የወንዶችና የሴቶች ማኅበራት እየመራች በ1635 ዓ.ም. ዐረፈች። ሱስንዮስ ራሱ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን መልሶ ነበርና የእርስዋ ቃል ከንጉሡ ቃል በዕድሜ በለጠ። ኅዳር 17 በዓሏን የምናከብር ካህናት ሴት ልጅ በሸንጎ አትናገር ብለን ብናስተምር፣ ማንን እያከበርን እንደ ሆነ ያጠያይቃል።

እቴጌ ጣይቱን የማያነሣ የለም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ ክርክር ባስነሣ ጊዜ፣ የኢጣልያ መልእክተኛ አንቶኔሊ ባለበት፣ ሴት እንደ መሆናቸው ጦርነትን እንደማይወዱ፣ ነገር ግን ያንን ከመቀበል ጦርነትን እንደሚመርጡ መናገራቸው በታሪክ ተመዝግቧል። ቃሉን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ፈጸሙት።

ለእኛ ግን ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ነገር ነው። የጎጃም ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ዐይናቸው ጠፋ። አባታቸው የቅኔ መምህር ስለ ነበሩ ከእርሳቸው ቅኔን ተምረው፣ በኋላም በአባታቸው ወንበር ተቀምጠው ወንዶች ደቀ መዛሙርትን አስተማሩ፤ ከእርሳቸው ተምረው መምህራን የሆኑ ብዙዎች ናቸው። የሚነካን ስለምን ቢሉ፣ በወጣትነታችን ቅኔ ማስተማር በጀመርንበት ዓመት፣ የአንድ ዲያቆን እኅት እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ ስትወርድ ከጎጆው ጥግ ቆማ ትሰማን ነበር። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ጉባኤ ቃና ሲዘርፍ ቤት አልመታለት አለ። የጎደለውን ቃል ከግድግዳው ውጭ ሆና አቀበለችው፤ ልኩን ነበረ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኛም አፍረን፣ ያፈርነውን ቍጣ አስመስለን፣ ሁለተኛ እንዳትደርስ ብለን አባረርናት። አልደረሰችም። እማሆይ ገላነሽ በዚያው በጎጃም ምድር ማስተማራቸውን እያወቅን ያደረግነው ነው።

የአገራችን ሕግስ እንዴት ሄደ ቢሉ፣ በየጥቂቱ ነው። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሴቶች እንዲመርጡና እንዲመረጡ ፈቀደ፤ ከዚያም በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለፓርላማ ተመረጡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ነሣ፤ የወራሹ ጾታ በውርስ ልዩነት እንዳያመጣ ሲደነግግ፣ በትዳር ግን ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገ፤ ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ እንድትዳር ፈቀደ። ይህን የሻረው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የጋብቻው ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ ባልና ሚስትም በቤታቸው እኩል ሆኑ። ከዚያ አስቀድሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት በማፍራትም በመውረስም እኩል መሆናቸውን ጽፏል። የደጋው ርስት እንኳ በጥንቱ ልማድ በአባትም በእናትም ይቈጠር ነበር፤ ሴት ልጅም ከወንድሞቿ ጋራ ትካፈል ነበር። ስለዚህ የባልቴቲቱ ባል ወንድሞች «የአባቶቻችን ወግ» ሲሉ የራሳቸውን አባቶች ወግ መርሳታቸው ነው።

የአፋርን ሴቶች ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተውላል። የዘላኑን ቤት በሰሌን የሚሠሩት፣ ሰፈር ሲለወጥ አፍርሰው በግመል የሚጭኑት እነርሱ ናቸው፤ ቤቱ በእጃቸው ነው። በሴቶች ልጆች አካል ላይ የሚፈጸመው ግርዛት ግን በዚያ አገር ብቻ የነበረ ሳይሆን በእኛም በደገኞቹ ዘንድ ስንሸፋፍነው የኖርነው በደል ነው፤ ሕጉ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ከልክሎታል። በከምባታ ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ፣ ውኃ ልቅዳ እያሉ ተደብቀው ፊደል የቈጠሩት፣ ሕዝቡን በየመንደሩ ሰብስበው ስለዚህ ነገር በግልጥ ባነጋገሩ ጊዜ ልማዱ መነቃነቅ ጀመረ። ሕግ ያላደረሰውን ንግግር አደረሰው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሽምግልና በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በዳስ ተሰበሰብን። እኛ ኦሪት ዘኍልቍን ይዘን ሄድን፤ አስቀድመንም እናቲቱን በሽማግሌዎቹ ፊት፣ «የጠየቅሽኝን ትቼ ያልጠየቅሽኝን መልሻለሁና ይቅር በይኝ» አልናት። ምዕራፉን ከነበብን በኋላ ታላቂቱ ልጅ እንድትናገር ለመንናት። ጥቂት ፈርታ ቆየችና፣ «አጎቶቼ፣ ትምህርት ቤት ስንጠራ በየቀኑ ከስማችን ቀጥሎ የሚጠራው የአባታችን ስም ነው። ስሙን እኛ ከተሸከምን ቤቱን መሸከም ስለምን ያቅተናል?» አለች።

ታላቁ አጎት ብዙ ዝም አለ። ሽማግሌዎቹም ከንብረቱ እኩሌታው የእናቲቱ የራስዋ መሆኑን፣ ቀሪውም የሦስቱ ልጆች መሆኑን አስረዱት። በመጨረሻ የወንድሙን ጋቢ ለመታሰቢያ ብቻ ጠየቀ፤ ተሰጠውም፤ ልጆቹን ስሞ ወደ ወሎ ተመለሰ። ታናሹ ግን ቡራኬ ሳይቀበል ከዳሱ ወጥቶ ሄደ፤ እስከ ዛሬም ሰላምታ አልሰጠንም። ሱቁ ክፍት ነው፤ እናቲቱ ትሠራበታለች።