ፈረስ መጋላ ላይ የሰማሁት «ከመቶ ሦስት»

ባለፈው የእረፍት ጊዜ ሐረር ነበርኩ። አንድ ቀን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ፈረስ መጋላ ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣለን፤ ከመኪና ግርግር በኩል የልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ይሰማል። ልጁ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይጠብቀዋል። «ሒሳብስ እያጠናህ ነው?» አልኩት።

«አቦ ተይኝ! ከመቶ ሦስት ሰው የሚያልፍበት ፈተና ሎተሪ ነው። ሁሉንም ‹ሲ› አጥቁሬ እወጣለሁ» አለኝ።

የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና፣ ይሄን አባባል ሰው አፍ ላይ ያስቀመጥነው እኛው ሳንሆን አንቀርም ብዬ ትንሽ አፈርኩ። ደብተር አውጥተን ማስላት ጀመርን። ስሌቱን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ከየት መጣ? የ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 27,267 ተማሪዎች ወይም 3.2 በመቶ አለፉ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ብሏል። እንግዲህ «ከመቶ ሦስት» የሁለት ዓመት ውጤት እንጂ ለሁሉም ጊዜ የተጻፈ ዕጣ አይደለም።

ወደ ግምቱ እንምጣ። ጥያቄው አራት ምርጫ ካለው፣ በግምት የመመለስ ዕድል 1/4 ነው። ሁለቱንም ለመመለስ 1/4 × 1/4 = 1/16። ግማሹን ወይም ከግማሽ በላይ በግምት ብቻ የማግኘት ዕድል፣ ጥያቄው 10 ከሆነ 8 በመቶ ገደማ ነው። 20 ከሆነ ወደ 1.4 በመቶ ይወርዳል። 60 ከሆነ ግን ከ37 ሺህ ሰው ለአንዱ ቢደርስ ነው! ምክንያቱም ጥያቄ በበዛ ቁጥር ውጤቱ ወደ ሩቡ፣ ማለትም ወደ 15 ይሰበሰባል።

ከ60ው 20ውን በትክክል ቢያውቅስ? ቀሪው 40 በግምት በአማካይ 10 ይሰጠዋል፤ ድምሩ 30 ይሆናል። ግማሽ የማምጣት ዕድሉ በአንዴ ወደ 56 በመቶ ዘለለ። (ማለፊያው የሁሉም ትምህርት ድምር ነው፤ እኔ ሒሳብን ብቻ፣ 60 ጥያቄ ብዬ የወሰድኩት ለምሳሌ ነው።)

ወንድሜ ደብተሩን አይቶ ዝም አለ። ቆይቶ «እሺ፣ ሃያውን የሚያስተምረው ያጣስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥያቄው ከኔ ስሌት ይበልጣል። ፈተናው እውነት ሎተሪ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ተማሪ 3.2 በመቶ ዕድል ይኖረው ነበር። 100 ተማሪ ያስፈተነ ትምህርት ቤት አንድም ሳያሳልፍ የመቅረት ዕድሉ 0.968ን መቶ ጊዜ በራሱ ስናባዛው ነው፤ 4 በመቶ አይሞላም። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ግን አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ፤ ከመቶ ከ40 በላይ። ይሄ ዕድል አይደለም። አላፊዎቹ በየቦታው እኩል አልተበተኑም፤ የት ተማርክ የሚለው ይወስናል።

ስለዚህ ነገ ዜና የምንጽፍ ተማሪዎች፣ «ከመቶ ሦስት» ብለን ነጥብ አናስቀምጥ። ከየትኞቹ መቶ? ብለን እንጠይቅ። ወንድሜን በተመለከተ፣ በማግስቱ የ11ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፉን ይዞ መጣ። «ከሃያው እንጀምር» አለኝ።