ከአደጋ በኋላ ስለሚደረግ የመኪና አካል ጥገና፤ ሥራው ጐድሎ ሲገኝ ነጋዴው ምን ማድረግ ይገባዋል?

ሸቀጡ ደሴ እስኪደርስ ድረስ ነጋዴው የሚያስበው ስለ ዋጋና ስለ ቀረጥ ነው። ከደሴ ወጥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም ሲያመራ ግን ሐሳቡ ሁሉ ወደ መንገዱ ይዞራል። በክረምት ደጋው በጭጋግ ይሸፈናል፤ ጭቃው ጐማ ያንሸራትታል። ከመካነ ሰላም አልፎ ወደ ጉንደ ወይን የሚሻገር መኪና ደግሞ የዓባይን ሸለቆ ቁልቁለት መውረድ አለበት። ስለዚህ በዚህ አገር የሚነግድ ሰው የመኪና አደጋ ሊያጋጥመው እንደሚችል አስቀድሞ ማሰቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ነጋዴውን ከአደጋው ይልቅ የሚጐዳው ከአደጋው በኋላ የሚሠራው መጥፎ ጥገና ነው።

ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰው በጸሐፊነት የሚያገለግልበት የንግድ ቤት ከዚህ ትምህርት አግኝቷል። የቤቱ አይሱዙ በሐምሌ ወር ከመንገድ ወጥቶ በጐኑ ቦይ ውስጥ ገባ። በእግዚአብሔር ቸርነት በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። መኪናው ወደ አንድ ጋራዥ ተወስዶ ከተጠገነ በኋላ ለመረከብ የተላክሁት እኔ ነበርሁ። ቀለሙ እንደ መስተዋት ያበራ ስለነበር፣ ሥራው ተሟልቶ መረከቤን በሚገልጸው ወረቀት ላይ ሳልመረምር ፈረምሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ በስፖርቴሎውና በፓራፋንጎው ላይ ያለው ቀለም ተሰነጠቀ፤ በካሶኒው ወለል ስንጥቅ የገባው ውሃ ከታች የተደረደረውን ስድስት ኩንታል ስኳር አበላሸ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መኪናው ወደ ግራ መሳቡ ነበር። ሾፌሩ በትሕትና እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ በእስክሪብቶ ተረከቡት፤ እኔ ግን የዓባይን ቁልቁለት የምወርደው በዚሁ መኪና ነው።» ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ጉድለቱ ከወዴት ይመጣል? ጥሩ ባትላሜራ የተጨማደደውን ላሜራ ቀጥቅጦ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመልሳል፤ ስቱኮ የሚጠቀመውም መዶሻው የተወውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ለማስተካከል ብቻ ነው። የሚቸኩለው ሠራተኛ ግን ጐድጓዳውን ሳያወጣ በስቱኮ ይሞላዋል፤ ዝገቱን ሳይፍቅና የዝገት መከላከያ ሳይቀባ ቀለም ይደርብበታል። ስቱኮ ከደረቀ በኋላ እንደ ብረት አይተጣጠፍም። መኪናው በኮረኮንች ሲንቀጠቀጥ፣ ቀን በፀሐይ ሲሞቅና ሌሊት በደጋ ብርድ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ብረቱም ከውስጥ እየዛገ ከላይ የተለበጠውን ያራግፈዋል።

የሻሲው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። የተጣመመ ሻሲ መኪናውን ወደ አንድ ጐን ይስባል፤ ጐማውንም በአንድ ወገን ይበላዋል። ብረቱን በእሳት እያጋሉ ማቅናትም ጥንካሬውን ሊቀንሰው ስለሚችል፣ የፋብሪካው መመሪያ የሚፈቅደውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ነጋዴው መኪናውን ከመረከቡ በፊት የሚከተለውን ይመርምር።

1ኛ/ ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሎ በተጠገነው ላሜራ ላይ ያሳልፍ። ስቱኮው በወፈረበት ስፍራ ማግኔቱ ሳይዝ ይወድቃል። በፕላስቲክና በአሉሚንየም ላይ ግን ይህ ፈተና አይሠራም።

2ኛ/ መኪናውን በጧት ብርሃን በአግድም ይመልከት፤ የሞገደ ላሜራና የተለያየ ቀለም በቀትር አይታይም። ስፖርቴሎው ሳይገፋ መዘጋቱን፣ ክፍተቱም ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን ይይ።

3ኛ/ በካቢናውና በካሶኒው ላይ ብዙ ውሃ አስፈስሶ፣ ከወለሉም በታች አስረጭቶ ውስጡ መድረቁን ይመልከት።

4ኛ/ በሻሲው ላይ በግራና በቀኝ ትክክል የሆኑ አራት ቀዳዳዎችን መርጦ በሜትር ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ያስለካ። ሁለቱ ልኮች ካልተስማሙ ሻሲው አልቀናም ማለት ነው።

5ኛ/ ሾፌሩ ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ይንዳው፤ ፍሬኑንም ይፈትን። የሾፌሩ ቃል ከጸሐፊው ፊርማ መቅደም ይገባዋል።

ጉድለት የተገኘ እንደሆነ፣ ከመጮህ ይልቅ መጻፍ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል በአንቀጽ 2610 እና በሚከተሉት ይናገራል፤ ሠሪው በራሱ ኃላፊነት አንድን የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት ይገደዳል። በአንቀጽ 1772 ደግሞ፣ ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ለማለት የሚሻ ሰው በመሠረቱ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ተደንግጓል። ስለሆነም ነጋዴው ጉድለቱን አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ የሚታረምበትን በቂ ቀን ወስኖ፣ ደብዳቤውን በማስፈረም ይስጥ። ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ከሌላ የታወቀ ባለሙያም የጽሑፍ አስተያየት ይቀበል። ሁለቱ ወገኖች ሳያዩት መኪናውን በሌላ ጋራዥ ማስፈታት ግን ማስረጃን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው። ጋራዡ እንቢ ቢል፣ ሥራው በእርሱ ወጪ በሌላ ሰው እንዲሠራ ፍርድ ቤት እንዲፈቅድና ኪሣራም እንዲከፈል መጠየቅ ይቻላል።

ስለ መድንም አንድ ቃል መጨመር አስፈላጊ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላው ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ የባለቤቱን መኪና ለማስጠገን አይደለም። ለዚህ ሙሉ ዋስትና መግባት ያስፈልጋል። ጋራዡን የመረጠው የመድን ድርጅቱ እንደሆነ፣ የጉድለቱ ደብዳቤ በዚያው ቀን ለድርጅቱም ይድረስ፤ «ረክቻለሁ» የሚል ወረቀትም ምርመራው ሳያልቅ አይፈረም።

ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የትኛው ላሜራ እንደሚለወጥና የትኛው እንደሚቀና ይዘርዝር፤ የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ እንዲመለስ ይነገር፤ ከዋጋው ጥቂቱ ከሙከራ በኋላ እንዲከፈል ይወሰን፤ ለሥራውም የዋስትና ጊዜ ይሰጠው።

የእኛ ጉዳይ እንዴት እንደተፈጸመ ልግለጽ። የጋራዡ ባለቤት በመጀመሪያ ፊርማዬን አውጥቶ አሳየኝ፤ መልስም አልነበረኝም። ደብዳቤውና የባለሙያው አስተያየት በደረሰው ጊዜ ግን ስፖርቴሎውን፣ ፓራፋንጎውንና የካሶኒውን ወለል እንደገና ለመሥራት ተስማማ። ሻሲውን ያስቀናነው በራሳችን ገንዘብ ነው፤ በውሉ ላይ ስላልተጻፈ ልንከራከርበት አልቻልንም። ስኳሩም በኪሣራ ተመዘገበ። አሠሪዬ ሒሳቡን አይተው የተናገሩት ጥቂት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በቤታችን ሾፌሩ ነድቶ ሳይመለስና አጠገቤ ቆሞ ሳይፈርም እኔ አልፈርምም።