ለውሻ የሚጣል የወጥ ትራፊ

በአገራችን ውሻ በአብዛኛው የሚበላው ሰው ያስተረፈውን ነው። የፋብሪካ ምግብ ገዝቶ የሚያበላ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ «ውሻ የሰው ምግብ ይበላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እኛ ጋ ብዙም አያስኬድም፤ ይበላል፣ ሌላ ምን አለው? በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማንሳት የፈለግሁት ከትራፊው ውስጥ የትኛው ይጎዳዋል የሚለውን ነው። ስለ ውሻ መመረዝ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ቸኮሌት ነው። ለእኛ ግን መቅደም ያለበት ሽንኩርት ይመስለኛል።

እንጀራው ራሱ ችግር የለበትም፤ ችግሩ ያለው የነካው ወጥ ላይ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት በውስጣቸው ሰልፈር ያለባቸው ውሁዶች አሉ። እነዚህ ውሁዶች የውሻን ሄሞግሎቢን በኦክሲዴሽን ይጎዱና በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ሄይንዝ ቦዲ የሚባለውን እብጠት ይፈጥራሉ፤ የተጎዳው ሕዋስም ያለ ጊዜው ይፈርሳል። ማቁላላትም ሆነ ማድረቅ መርዙን አያጠፋውም። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት በደም ላይ ጉዳት እንደሚያስከትል ይታወቃል። እንግዲህ 15 ኪሎ ለሚመዝን የግቢ ውሻ 225 ግራም በቂ ነው ማለት ነው፤ ሁለት ሦስት ራስ ሽንኩርት ቢሆን ነው። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት በኪሎ እንደሚከተፍ ደግሞ የማያውቅ የለም። ትንሽ ትንሹም በየቀኑ ሲደጋገም ይጠራቀማል። ጾም ሲገባ ይቀልለዋል እንዳንል ሽሮውም ያለ ሽንኩርት አይሠራም።

ክፋቱ ምልክቱ በዕለቱ አለመታየቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ሽንቱ ወደ ቀይ ወይም ቡናማ ይለወጣል። ባለቤቱ የበዓሉን ትራፊ ረስቶታል። እኛም በበኩላችን መዥገር የሚያስተላልፈውን ባቤሲያን ብቻ ልንጠረጥር እንችላለን፣ ምልክታቸው ይመሳሰላልና። ስለዚህ ታሪክ ስንጠይቅ «ዛሬ ምን በላ?» ብቻ ሳይሆን «ባለፈው ሳምንት ምን በላ?» ማለት ይኖርብናል። የደም ናሙናው በኒው ሜቲሊን ብሉ ሲቀለም ሄይንዝ ቦዲው ጎልቶ ይታያል።

ሁለተኛው የእርድ ቀን ጉዳይ ነው፤ ይሄኛው ከውሻው ይልቅ የሚያሰጋው ሰውን ነው። በጉ ሲበለት ሳምባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘ «ለውሻው ጣሉለት» ይባላል። ከረጢቱ ግን የኢኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ እጭ ሊሆን ይችላል። በውሻው አንጀት ውስጥ አድጎ ትል ይሆንና እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይም ይጣበቃል። ውሻው ብዙ ጊዜ ምንም አይታይበትም። አቅፎት የሚጫወተው ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ግን እንቁላሉን ይውጠዋል፤ ከዓመታት በኋላ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ያደገ ከረጢት ለቀዶ ሕክምና ሊያደርሰው ይችላል። እንዲህ ያለውን የሆድ ዕቃ ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው አርቆ መቅበር፣ ለውሻውም ፕራዚኳንቴል መስጠት ነው።

የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ስለሚሾል ጉሮሮና አንጀት ሊበሳ ይችላል። ወይንና ዘቢብ ኩላሊት ይጎዳሉ። ዛይሊቶል ያለበት ማስቲካ የደም ስኳርን በድንገት ያወርዳል። ቸኮሌትና የቡና አተላም የልብ ምትን ያዛባሉ፤ አተላውን ውሻ በሚደርስበት መድፋት ጥሩ አይደለም።

ብዙ ሽንኩርት መብላቱ ወዲያው ከታወቀ፣ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሐኪም ሊያስመልሰው ይችላል። ከዚያ በኋላ የተለየ ማርከሻ ስለሌለው የሚደረገው ድጋፍ ብቻ ነው፤ ሲብስም ደም መስጠት። ብዙ ሰው የሚያጠጣው ወተት ሽንኩርቱን አያረክሰውም።