የየቲሙ ልብ፦ በምክር አገልግሎት ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

 



ስለ የቲሞች ድጋፍ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ወርሃዊ ድጎማን፣ ደብተርና ዩኒፎርምን፣ የረመዷን ኢፍጣርንና የዒድ ልብስን ነው። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊዎች ናቸው፤ አጅራቸውም ከአላህ ዘንድ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ድጎማ ለመቀበል የሚመጡ እናቶችና አያቶች ከፈረሙ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያነሱት ሌላ ጉዳይ አለ። «ልጁ መናገር ተወ»፤ «ሌሊት እየባነነ ይጮኻል»፤ «ትልቅ ልጅ ሆኖ ፍራሽ ላይ መሽናት ጀመረ»፤ «ቁርኣን በደንብ ይቀራ የነበረው ልጅ አሁን ከመድረሳ ይጠፋል»። ለዚህ ዓይነቱ ጭንቀት ዱቄትና ዘይት መልስ አይሆኑም። ስለዚህ በዚህ እትም በማኅበረሰብ የምክር አገልግሎት ማዕከላት የሚሠሩ የሥነ ልቦና አማካሪዎች ወላጁን ያጣ ልጅ ሲመጣላቸው በምን መንገድ እንደሚረዱት ለማየት መርጠናል።

«አባትህ ዐረብ አገር ሄዷል»

አንድ የስምንት ዓመት ልጅን በምሳሌነት እንውሰድ። አባቱ ሞቶ ጀናዛው ከቤት ሲወጣ ልጁ ጎረቤት ቤት እንዲቆይ ተደርጓል። ሲመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ እናቱ ዒዳ ተቀምጣለች። «አባትህ የት ሄደ?» ብሎ እንዳይጠይቅ አስቀድሞ፣ «አባትህ ለሥራ ዐረብ አገር ሄዷል፤ ሲመለስ ብስክሌት ያመጣልሃል» ይባላል። ቃሉ የተነገረው ከርኅራኄ ነው፤ ማንም ልጁን ለመጉዳት አላሰበም። ልጁ ግን ይጠብቃል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ይሮጣል፤ ዒድ በመጣ ቁጥር በር በሩን ያያል። ከዕለታት አንድ ቀን በትምህርት ቤት ሲጣላ አንድ ልጅ «አባትህ እኮ ሞቷል» ይለዋል። በዚያች ቀን ልጁ አባቱን ብቻ ሳይሆን በቤተሰቡ ቃል ላይ የነበረውን እምነትም ያጣል።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሞትን እንደ ጉዞ ወይም እንደ እንቅልፍ ይመለከተዋል፤ የሞተ ሰው እንደማይመለስ በቅጡ መረዳት የሚጀምረው በአብዛኛው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከዚህም በላይ ትንንሽ ልጆች በዙሪያቸው የሚሆነውን ሁሉ ከራሳቸው ጋር ያያይዙታል። «ስላስቸገርኩት ነው የሄደው» ብሎ በልቡ የያዘ ልጅ ይህን ለማንም ሳይናገር ዓመታት ሊሸከመው ይችላል። እውነቱን ባልነገርነው መጠን ክፍተቱን በራሱ ጥፋት ይሞላዋል።

የጀዕፈር ልጆች

ለዚህ ትምህርት ወደ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ታሪኩ ከአገራችን ጋር የተያያዘ ነው። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ስለ ኢስላም የተናገሩት ታላቅ ሶሐባ ናቸው። ልጃቸው ዐብዱላህ የተወለደው በስደት ላይ ሳሉ በዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። ቤተሰቡ ወደ መዲና ከተመለሰ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (629 እ.ኤ.አ.) ጀዕፈር በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆኑ።

ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት በዚያ ቀን ሊጥ አቡክተው፣ ልጆቻቸውን አጥበውና ቅባት ቀብተው ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤታቸው መጡ። የጀዕፈርን ልጆች እንዲያመጡላቸው ጠየቁ፤ አቅፈው አሸተቷቸው፤ ዓይኖቻቸውም አነቡ። አስማእ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቁ ነቢዩ እውነቱን ነገሯቸው። ወደ ቤተሰቦቻቸው ተመልሰውም የጀዕፈር ቤት በሐዘን ስለተጠመደ ምግብ እንዲሠራለት አዘዙ። ከሦስት ቀናት በኋላ ዳግም መጥተው ልጆቹን አስጠሩ፤ ፀጉር አስተካካይ አስመጥተው ፀጉራቸውን አስላጩ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ በዘመዶቹ መካከል ማንን እንደሚመስል ነገሩት፤ ዐብዱላህንም በመልክና በጠባይ ራሳቸውን እንደሚመስል ገለጹለት። እናታቸው የልጆቹን የቲምነት ባነሱ ጊዜ በዱንያም በአኺራም አሳዳጊያቸው እርሳቸው መሆናቸውን አረጋገጡላቸው።

ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። በመጀመሪያ እቅፍና እንባ መጣ፤ ሞቱ አልተሸሸገም፤ የቤቱ ሥራ በሌላው ትከሻ ላይ ዋለ። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ሕይወት ወደ መስመሩ እንዲመለስ ተደረገ፤ «አንተ የማን ነህ?» የሚለው የልጁ ጥያቄ መልስ አገኘ፤ በመጨረሻም የነገ ዋስትና ተሰጠ። ዛሬ የሠለጠነ አማካሪ በብዙ ሳምንታት ውስጥ የሚያከናውነው ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። ዐብዱላህ ኢብን ጀዕፈርም አድገው በለጋስነታቸው ከታወቁት ሰዎች አንዱ ሆኑ።

አማካሪው ምን ያደርጋል?

ጥሩ አማካሪ ልጁን ከማነጋገሩ በፊት አሳዳጊውን ያነጋግራል። ማን ሞተ? መቼ? በምን? ልጁ ምን ተነገረው? ጀናዛውን አይቷል? ከዚያ ወዲህ እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ትምህርቱ እንዴት ሆነ? ይህን ሲጠይቅ አንዲት አክስት «ይህ ሁሉ ጥያቄ ለምን?» ብላ ልትበሳጭ ትችላለች። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ልጁ አባቱ ዐረብ አገር እንዳለ የሚያምን ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ እውነቱ በማን አንደበት፣ በምን ቃል እንደሚነገር መዘጋጀት ነው። ለልጁም የሚናገረው ነገር አማና መሆኑ፣ የልጁ ወይም የሌላ ሰው ደኅንነት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር እንደማይወጣ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል።

ትንንሽ ልጆች ሐዘናቸውን በንግግር አይገልጹም፤ ይጫወቱታል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ጭቃ፣ ከለር፣ ትንንሽ መኪናዎችና አሻንጉሊቶች ይኖራሉ። ልጁ አሻንጉሊቱን አሥር ጊዜ ይቀብርና አሥር ጊዜ ያወጣው ይሆናል። አማካሪው ይህን አይከለክልም፤ ለመተርጎምም አይቸኩልም። «አሁን ብቻውን ቀረ» ብሎ ያየውን ብቻ ይናገራል፤ ልጁም በራሱ ጊዜ ይቀጥላል። አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ አክስላይን በ1947 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ዘዴ ያሳተመችው መጽሐፍ ለዘርፉ መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። አንዳንድ ወላጆች አሻንጉሊት ስለመፈቀዱ ይጠይቁናል። የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) በልጅነታቸው በአሻንጉሊት ይጫወቱ እንደነበር በሐዲስ የታወቀ ነው። አቡ ዑመይር የተባለው ሕፃን ትንሿ ወፉ በሞተችበት ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፏ በፍቅር ጠይቀውታል። የአንድን ሕፃን ሐዘን «ወፍ ናት እኮ» ብለው አላቃለሉትም።

ከፍ ላሉ ልጆች ደግሞ «የሕይወት ዛፍ» የሚባል ዘዴ አለ። ይህን ዘዴ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ያዳበሩት ዚምባብዌያዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ንካዜሎ ንኩቤ እና አውስትራሊያዊው ዴቪድ ዴንቦሮ ሲሆኑ፣ መነሻቸውም በደቡባዊ አፍሪካ ወላጆቻቸውን ካጡ ልጆች ጋር የሚሠራ ሥራ ነበር። ልጁ ዛፍ ይሥላል። ሥሩ የመጣበት አገር፣ ቋንቋውና ዘሩ ነው፤ መሬቱ የዕለት ኑሮው፣ ግንዱ ችሎታው፣ ቅርንጫፎቹ ተስፋዎቹ፣ ቅጠሎቹ የሚወዱት ሰዎች ናቸው። የሞተ አባትም ከቅጠሎቹ መካከል ስሙ ይጻፋል። የሁሉም ልጆች ዛፎች በግድግዳ ላይ ተለጥፈው ጫካ ከሆኑ በኋላ ነው ስለ ማዕበል የሚወራው። የዘዴው ብልሃት እዚህ ላይ ይመስለናል፤ ልጁ ስለ ጉዳቱ ከመናገሩ በፊት የሚቆምበት ጽኑ መሬት ያገኛል። ቀድሞ «አንተ የማን ነህ?» ተብሎ ይጠየቃልና የጀዕፈርን ልጆች ታሪክ ያስታውሰናል።

አንዳንዱ ልጅ ግን አባቱ በመኪና አደጋ ወይም በግጭት ሲሞት በዓይኑ አይቷል፤ ምስሉ ሌሊት ሌሊት ይመለስበታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ በሐሳብና በስሜት ግንኙነት ላይ የሚያተኩር፣ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ የንግግር ሕክምና አለ። በመጀመሪያ ልጁ የተፈጠረበት ነገር የብዙ ልጆች ችግር መሆኑን ይማራል፤ ቀስ ብሎ መተንፈስንና ስሜቱን በስም መጥራትን ይለማመዳል፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚለውን ሐሳብ ይመረምራል። ታሪኩን ከዳር ጀምሮ ጥቂት በጥቂት የሚተርከው ከዚህ በኋላ ነው። አሳዳጊው ጎን ለጎን ይሠለጥናል፤ መጨረሻ ላይም ልጁ ታሪኩን ለአሳዳጊው ያካፍላል። በ2020 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ ጥናት ይህን ዘዴ በኬንያና በታንዛኒያ ወላጅ በሞተባቸው 640 ልጆች ላይ ፈትኗል። አማካሪዎቹ ቀድሞ የአእምሮ ጤና ሙያ ያልነበራቸው፣ ሥልጠናና የቅርብ ክትትል የተደረገላቸው የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ውጤቱ በሁሉም ቦታ እኩል ባይሆንም ከአራቱ ጣቢያዎች በሦስቱ ልጆቹ ከተለመደው ድጋፍ በተሻለ ሁኔታ ተሽሏቸዋል። ይህ ለእኛ ትልቅ ዜና ነው፤ ብዙ ባለሙያ በሌለበት አገር አንዲት ትዕግሥተኛ የመድረሳ መምህርት ወይም ጤና ሠራተኛ ብትሠለጥን ብዙ ልትሠራ ትችላለች ማለት ነውና።

ሶብር፣ ሩቅያና ሕክምና

«ወንድ ልጅ አያለቅስም፤ ሶብር አድርግ» እያልን የልጁን አፍ የምንዘጋ ብዙዎች ነን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ነቢዩ የዕቁብም (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ አልቅሰዋል፤ ሶብራቸው ግን በቁርኣን የተመሰከረ ነው። ሶብር በአላህ ውሳኔ ላይ አለማመፅ እንጂ እንባን መዋጥ አይደለም።

ልጁን ዓይን ወይም ጂን ነክቶት ይሆናል ብለው የሚሰጉ ቤተሰቦችም አሉ። በቁርኣንና በዱዓ ማስቀራት ሱና ነው፤ አማካሪ ዘንድ መሄድም ሰበብ ማድረስ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። በ934 እ.ኤ.አ. የሞቱት ሙስሊም ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ የአካልንና የነፍስን ጤና ባንድነት የሚመለከት መጽሐፍ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ጽፈዋል። ነገር ግን ጂን ለማስወጣት ተብሎ ሕፃንን መምታት፣ ማሰር ወይም ማስራብ ግፍ ነውና ዝም ሊባል አይገባም። ልጁ መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ፣ ራሱን ከጎዳ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ ወይም የሚጥለው ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን በየክልሉ ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

የእኛም ጥፋት

በዚህ አጋጣሚ ራሳችንን ሳንወቅስ ማለፍ አንሻም። የበጎ አድራጎት ማኅበራት ድጎማ በምናከፋፍልበት ቀን የቲሞችን አሰልፈን ፎቶ አንስተናል፤ ሕፃናትን መድረክ ላይ አውጥተን የአባታቸውን ሞት በማይክራፎን አስተርከናል። እንባቸው የብዙዎችን ኪስ ከፍቷል። አማካሪ በሳምንታት ድካም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ልጁ ሲፈቅድ ብቻ የሚነካውን ቁስል እኛ በሕዝብ ፊት በአንድ ጊዜ ገልጠነዋል። ውድ ለጋሾች! የምትረዱት ልጅ እንባውን ካላሳያችሁ ገንዘባችሁ ቦታው አልደረሰም ማለት አይደለም። የሚያስፈልጋችሁ ዘገባ ስለ ትምህርቱና ስለ ጤናው እንጂ ስለ ሐዘኑ መሆን የለበትም።

ወጪውን በተመለከተ፣ አሳዳጊዎች የምክር አገልግሎትን የሚያቋርጡት ስላላመኑበት ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ የሁለት ሰው የታክሲ ደርሶ መልስ አለ፤ እናቲቱ ልብስ ከምታጥብበት ወይም እንጀራ ከምትሸጥበት ቀን ግማሹን ታጣለች። ሕክምናው እስከ ሦስት ወር የሚወስድ ከሆነ ይህ ቀላል አይደለም። ለአንድ ልጅ ሰደቃ ስትመድቡ ለትራንስፖርቱና ለእናቲቱ የቀን ገቢ ጥቂት ጨምሩ። ዘካን ለዚህ ስለማዋል ጥያቄ ያለው ሰው ዑለማዎችን ይጠይቅ።

አሳዳጊዎች ደግሞ ማዕከል እስክታገኙ ድረስ አትጠብቁ። ልጁ የሚያምነው ሰው ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀምጦ እንዲህ ሊለው ይችላል፦ «አባትህ ሞቷል። የሞተ ሰው ወደዚህ ቤት አይመለስም። የሞተው በአላህ ውሳኔ ነው፤ አንተ ያደረግኸው ምንም ጥፋት የለም። አብረን ዱዓ እናደርግለታለን። ስለ እርሱ መጠየቅ በፈለግህ ጊዜ ሁሉ ጠይቀኝ።» ከዚያ በኋላ ዝም ማለትና መስማት ነው። ልጁ በዚያው ሌሊት ላይጠይቅ ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ ፊቱን እየታጠበ ወይም ጫማውን እያሰረ ይጠይቅ ይሆናል።

ወሏሁ አዕለም።